ጥላሁን ገሠሠና የስኳር ሕመም፦ ካርድዎ ላይ የሚጻፉትን ቃላት መረዳት

ከምርመራ ክፍል ሲወጡ የያዙት ካርድ ላይ ኤፍ ቢ ኤስ፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ ኒውሮፓቲ የሚሉ ቃላት ተጽፈው አይተው ይሆናል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት በችኮላ ነግሮዎት፣ እርስዎም እሺ ብለው ወጥተው ይሆናል። ቤት ሲገቡ ልጆችዎ ምን እንደተባሉ ሲጠይቁዎት ግን የሚያስታውሱት ስኳርዎ መጨመሩን ብቻ ነው። ቢስቲማ ላይ የማያቸው ብዙ ሕመምተኞች እንዲህ ናቸው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ቃላቱን አብራርቶ መንገር የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነው።

ቃላት ብቻቸውን ሲደረደሩ ቶሎ ይረሳሉ፤ የሰው ታሪክ ግን አይረሳም። ስለዚህ ቃላቱን የምናያቸው ሁላችንም በምናውቀው በድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ሕይወት በኩል ነው። ጥላሁን ለብዙ ዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር ኖሯል፤ በዚሁ ሕመም ምክንያትም እግሩን አጥቷል። የሕክምና መዝገቡ የራሱና የቤተሰቡ ነው፤ እዚህ የሚነሳው ሕዝብ የሚያውቀው ብቻ ነው። ስለ ሕክምናው የሚሰጠው ማብራሪያ ደግሞ ለማንኛውም የስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙልኝ። የስኳር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሰውነትዎ የማይነግርዎትን የሚነግሩዎት ካርዱ ላይ ያሉት ቃላትና ቁጥሮች ናቸው።

በመስቀል ዕለት የተወለደው ልጅ

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ ይባላሉ። ሀገሪቱ ያኔ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። ልጁ በኋላ ወደ ወሊሶ ተወስዶ በአያቱ ቤት ኖረ፤ እዚያው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። አያቱ በትምህርቱ እንዲገፋ ይፈልጉ ነበር፤ የእሱ ልብ ግን ዘፈን ላይ ነበር። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የነበሩት ሱዳናዊ ተሰጥኦውን አይተው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሙዚቃ እንዲቀጥል አበረታቱት። የሀገር ፍቅር ከያንያን ወሊሶ መጥተው ትርኢት ሲያሳዩ ደግሞ ልቡ ጨርሶ ሸፈተ።

አያቶቹን ሳያስፈቅድ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ላይ ዘመድ ቤት አደረ፤ ወሬው ደርሶ ወደ ወሊሶ ቢመለስም አልተቀመጠም። እንደገና ጠፍቶ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ።

ከሀገር ፍቅር እስከ ብሔራዊ ቴአትር

አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ የተቀበለው ሀገር ፍቅር ነው። ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ፤ ስሙም የገነነው እዚያ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍባቸው፣ ጥላሁንም የዚያው ክፍል ድምፃዊ ነበርና ታሰረ። ከእስር ከወጣ በኋላ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሥራውን ቀጠለ። በአማርኛና በኦሮምኛ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖችን ዘፈነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

እኛ ወሎዎች ደግሞ በሌላም እናስታውሰዋለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሀገራችን በድርቅና በረሃብ ስትመታ፣ ዋይ ዋይ ሲሉ የተሰኘው ዘፈኑ የተራበውን ወገን ሰቆቃ ለቀረው ሕዝብ አሰማ። ያንን ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ዘፈኑን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ይህ ሰው ነው ዕድሜው ሲገፋ ከስኳር ሕመም ጋር የኖረው። ዝናም ሆነ የሕዝብ ፍቅር ከዚህ ሕመም አይከልልም። ገበሬውም ነጋዴውም መምህሩም ይታመማል። ስለዚህ ስኳር አለብዎት ሲባሉ ምን በደልኩ ብለው ራስዎን አይውቀሱ፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁ።

ስኳር አለብዎት ሲባል ምን ማለት ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ንፍሮም ሆነ ፍራፍሬ ሆዳችን ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል። ግሉኮስ በደም ተጉዞ ለሰውነታችን ጉልበት ይሆናል። ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ ግን በር የሚከፍትለት ያስፈልጋል። ያ በር ከፋች ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊንን የሚያመነጨው ከጨጓራ በስተጀርባ ያለው ቆሽት ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ፣ ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል ግሉኮሱ ደም ውስጥ ይከማቻል። የስኳር ሕመም ማለት ይህ ነው።

ዓይነት አንድ የሚባለው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆመበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይታያል፤ ሕክምናውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኢንሱሊን ነው። ዓይነት ሁለት ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን የማይታዘዝበት፣ ቆሽትም ቀስ በቀስ የሚደክምበት ነው። ከስኳር ሕመምተኞች አብዛኞቹ ዓይነት ሁለት ያለባቸው ናቸው። ይህኛው ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል።

ካርዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ኤፍ ቢ ኤስ ማለት የጾም የደም ስኳር ነው። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ፣ ከውኃ በስተቀር ምንም ሳይጠጡ የሚለካ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጾመው ይምጡ ሲባል ሽሮ በልቶ የሚመጣ አለ፤ የጾም ምግብ ነውና። ለምርመራው ግን ሽሮም፣ ሻይም፣ ቡናም ጾም ይገድፋል። ውጤቱ ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ ማስጠንቀቂያ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ምርመራም ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው።

አር ቢ ኤስ ማለት በማንኛውም ሰዓት፣ ተበልቶም ቢሆን የሚለካ ነው። 200 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ውኃ ጥም፣ ሽንት መመላለስና ክብደት መቀነስ ካለ የስኳር ሕመም ነው።

ኤችቢኤዋንሲ ያለፉትን 3 ወራት አማካይ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ስኳር በቀይ የደም ሕዋስ ላይ እየተለጠፈ ይሄዳል፤ ሕዋሱ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ከቀጠሮ በፊት ሁለት ቀን ብቻ ተጠንቅቆ መምጣት ኤችቢኤዋንሲን አያታልለውም። 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ሕመሙን ያመለክታል። ለብዙ ሕመምተኞች የሕክምናው ግብ ከ7 ከመቶ በታች ማድረግ ነው፤ ዕድሜያቸው ለገፋና ሌላ ሕመም ላለባቸው ግን ሐኪሙ ግቡን ላላ ሊያደርገው ይችላል።

የመድኃኒቶቹ ስምና የኢንሱሊን ፍርሃት

ሜትፎርሚን ጉበት የሚለቀውን ስኳር የሚቀንስና ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ የሚያግዝ ክኒን ነው። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድ መረበሹ ይቀንሳል። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እንዲለቅ የሚገፋ ክኒን ነው፤ ወስደው ሳይበሉ ከቀሩ ስኳርዎ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል።

ኢንሱሊን የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል። ኢንሱሊን የተጀመረለት ሰው ያበቃለት ነው የሚል ወሬ አለ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው በ1914 ዓ.ም. (በፈረንጆች ጥር 1922) ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ ሲሆን የተወጋውም የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት ዓይነት አንድ ስኳር የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ መኖር ተቻለ። ኢንሱሊን ሲታዘዝልዎት ቆሽትዎ የጎደለው ተሞላ ማለት ነው እንጂ ሞትዎ ቀረበ ማለት አይደለም። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት በራሰ አሸዋ ላይ ባስቀመጡት የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ቦታ ያኑሩት፤ ፀሐይና ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት።

ጸበልም ሆነ ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። የሚጎዳው መድኃኒቱን አቁሞ መሄድ ነው። ረመዳንን ወይም ዐቢይ ጾምን ለመጾም ካሰቡ ደግሞ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል አለበት።

ከእግር ጋር የተያያዙ ቃላት

ወሊሶን ለቆ በእግሩ የተነሳው ጥላሁን በኋለኛው ዕድሜው እግሩን በስኳር ሕመም አጣ። ዜናው ብዙ ኢትዮጵያዊ አስደንግጧል። ብዙ ሰውም ስኳር እግር ያስቆርጣል የሚለውን ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው በእሱ ነው። ይህ እውቀት ግን ግማሽ ሆኖ ቀረ። ሰው ፍርሃቱን ያዘ፤ እስከዚያ ድረስ ያሉትን ደረጃዎች ግን አልያዘም። ደረጃዎቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ በየደረጃው መቆም የሚቻልበት ዕድልም አለ።

ኒውሮፓቲ። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል። መጀመሪያ እግር ይለበልባል፣ ይወረዋል፣ ሌሊት ያቃጥላል። ቀጥሎ ስሜቱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ማቃጠሉ ሲቆም ተሻለኝ ይላል፤ ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ሚስማር ቢወጋው፣ ጠጠር ጫማ ውስጥ ቢቀር፣ ፍም ቢነካው የማያመው እግር ከሚያመው እግር ይልቅ ያሰጋል። የሚቆመው እንዴት ነው? ስኳርን በመቆጣጠርና እግርን በየቀኑ በማየት። ሐኪሙ ሞኖፊላመንት በሚባል ቀጭን የናይለን ክር የእግርዎን መዳፍ እየነካ ይሰማዎት እንደሆነ ይጠይቅዎታል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ፣ የማያም ምርመራ ነው።

የደም ቧንቧ መጥበብ። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ስብና ሲጋራ ተባብረው ወደ እግር የሚወርዱትን ቧንቧዎች ያጠብባሉ። ደም ያልደረሰው ቁስል አይድንም። ሲራመዱ ባትዎን የሚይዝና ሲያርፉ የሚተው ሕመም ካለ ይንገሩ። ሐኪሙ የእግርዎን የደም ትርታ በጣቱ ይፈትሻል።

አልሰር። በስሜት አልባ እግር ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል የሚባል ነገር የለም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ኢንፌክሽንና ጋንግሪን። ቁስሉ ሲመረቅዝ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሸታል፣ ትኩሳት ያመጣል። ጋንግሪን ማለት ሥጋው ደም አጥቶ ወይም በምርቀዛው ብዛት ሞተ፣ ጠቆረ ማለት ነው።

ዲብራይድመንት። የሞተውንና የመረቀዘውን ሥጋ ጠርጎ ማጽዳት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ከመቆረጥ ጋር ያምታታዋል፤ ፈርቶም ሕመምተኛውን ይዞ ይመለሳል። የሚደረገው ግን እግሩን ለማትረፍ ነው።

አምፑቴሽን። ጣትን ወይም እግርን መቁረጥ ማለት ነው። የሚደረገው ምርቀዛው ወደ ደም ገብቶ ሰውየውን እንዳይገድል ነው። ሐኪም እዚህ ላይ የሚደርሰው ሌላው መንገድ ሲዘጋ ነው። ሳምንታት በቤት ውስጥ በማር፣ በቅጠልና በጨው ውኃ ያለፉበት ቁስል ብዙውን ጊዜ ደሴ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ ይገኛል። ቁስሉ በወጣበት ቀን የመጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት እግሩ ይመለሳል።

እግርዎን በየቀኑ ለማየት

በየቀኑ የእግርዎን መዳፍና የጣቶችዎን መሐል ይመልከቱ። ማጎንበስ ካልቻሉ መስታወት ይጠቀሙ፤ ወይም የልጅ ልጅዎን ያሳዩ። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ ከሆነ በቀን አምስት ጊዜ እግርዎን ያገኙታል፤ በዚያው ይመልከቱት፣ በጣቶችዎ መሐል ያለውንም ውኃ በደንብ ያድርቁ። ቤተ ክርስቲያን ጫማዎን አውልቀው ከቆሙ ቤት ሲመለሱ እሾህ ወይም ጠጠር ወግቶዎት እንደሆነ ይፈትሹ።

ሌላ ጊዜ በባዶ እግር አይሂዱ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ጫማ ከማድረግዎ በፊት ያራግፉት። ኮንጎ ጫማ እግር ያልባል፣ ይፍቃል፤ ሰፋ ያለና ለስላሳ ጫማ ከካልሲ ጋር ይሻላል። ጥፍርዎን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ የጠጠረ ቆዳ በምላጭ አይቅረፉ። ብርድ ሲሆን እግርዎን ምድጃ አጠገብ አያሙቁ፤ ሳይሰማዎት ሊቃጠሉ ይችላሉና። የመታጠቢያ ውኃ ሙቀቱን በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይለኩ።

ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ሁለት አስቸኳይ ቃላት

ሃይፖግላይሴሚያ ማለት የደም ስኳር ከ70 በታች መውረድ ነው። ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ይመታል፣ ይርባል፤ ሰውየው ግራ ይጋባል ወይም ያለ ጠባዩ ይቆጣል። ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ዲ ኬ ኤ ማለት ኢንሱሊን በጣም ሲያንስ ሰውነት ስብ እያቃጠለ ደሙን አሲድ የሚያደርግበት ሁኔታ ነው። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ከባድ ጥም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ያመጣል። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ልጅ ታሞ አልበላም ቢል እንኳ ኢንሱሊኑን ጨርሶ ማቋረጥ የለበትም፤ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ከእነዚህ ሌላ ዓይንና ኩላሊትም በዝምታ ይጎዳሉ። ሬቲኖፓቲ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ጉዳት ነው። ክሬቲኒን የተባለው የደም ምርመራና የሽንት ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊት እንዴት እንደሆነ ይነግሩናል። ሁሉንም በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመሩ።

የጥላሁን የመጨረሻ ዓመታት

እግሩን ካጣ በኋላ ጥላሁን ከሕዝብ አልተሸሸገም። በኋለኞቹ ዓመታት በአሜሪካና በአዲስ አበባ መካከል እየተመላለሰ ኖረ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም በአድናቂዎቹ ፊት ቀርቧል። ይህ ራሱ ለሕመምተኞች ትልቅ ነገር ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ከቤት እንዳይወጣ፣ ሰርግና ለቅሶ እንዳይሄድ፣ እንዲያፍር የሚያደርግ ቤተሰብ አለ። እግር ሲቆረጥ ሰውነቱ እንጂ ሰውነቱን የተሸከመው ሰው አይቆረጥም። የቀረውን እግር ደግሞ ከበፊቱ በበለጠ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሸክሙ ሁሉ ያረፈው እሱ ላይ ነውና።

ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ዕለቱ ፋሲካ ነበር። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ሄደ ብሎ ሕዝቡ ተነጋገረ። ብሔራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደርጎለት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቅሶለት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ

የጥላሁንን ዘፈን በሬዲዮ ሲሰሙ እግርዎን ያስታውሱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ካርድዎን ይዘው፣ ከተቻለ አንድ የቤተሰብ አባል አስከትለው ይሂዱና እነዚህን አራት ነገሮች ይጠይቁ።

1. የእኔ ስኳር ዓይነት አንድ ነው ወይስ ዓይነት ሁለት?
2. የዛሬው ቁጥር ስንት ነው? ግቤስ ስንት መሆን አለበት?
3. ዓይኔና ኩላሊቴ መቼ ይመረመራሉ?
4. እግሬን ያዩልኛል?

አራተኛውን ሲጠይቁ መልሱን ሳይጠብቁ ጫማዎንና ካልሲዎን ያውልቁ። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢቸኩል ባዶ እግር ፊቱ ሲቀርብ ሳያይ አያልፍም።